አባቴ 65 ሊሞላው ነው፣ አማቴ በግሪን ካርድ ከመጡ ገና 3 ዓመታቸው፤ ሜዲኬር ለማን፣ መቼ?

የቀበና ልጅ (ሲልቨር ስፕሪንግ)፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ሜዲኬር፣ ከ65 ዓመት ጀምሮ ስለሚሰጠው የመንግሥት የጤና ኢንሹራንስ፣ የጠየቅኩት ሰው ሁሉ የተለያየ ነገር እየነገረኝ ግራ ስለገባኝ ነው እዚህ የምጽፈው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

ቤታችን ሁለት ትልልቅ ሰዎች አሉ። አንዱ አባቴ ነው። 12 ዓመት ፓርኪንግ ሠርቷል፣ አሁንም እየሠራ ነው። በወረቀት ላይ ያለው ልደቱ ጃንዋሪ 1 ስለሆነ በመጪው ጃንዋሪ፣ በፈረንጆቹ 2027 ማለት ነው፣ 65 ይሞላዋል። ኢንሹራንስ ከሥራው አለው። የሥራ ጓደኞቹ "በ67 ጡረታ ስትወጣ ሁሉም አብሮ ይመጣል፣ አሁን ምን አስቸኮለህ" ብለውታል፣ እሱም አምኖ ተቀምጧል።

ሁለተኛዋ አማቴ ናቸው። 71 ዓመታቸው ነው። ባለቤቴ ስፖንሰር ሆኖ በግሪን ካርድ ካመጣቸው 3 ዓመት አልፏል። እዚህ አገር ተቀጥረው ሠርተው አያውቁም፣ ልጆቼን የሚያሳድጉልኝ ግን እሳቸው ናቸው። ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው። መድኃኒቱን ግማሹን ሰው ሲመጣ ከአዲስ አበባ እያስመጣን፣ ግማሹን ከኪሳችን እየገዛን ነው የምንኖረው። በቅርቡ ማዞር አስቸግሯቸው ኢመርጀንሲ ወስደናቸው ነበር። ቢሉ ሲመጣ አልነገርናቸውም፣ ከሰሙ ሁለተኛ ሐኪም ቤት እሺ ብለው አይሄዱም። አንዱ ሰው "ከ65 በላይ ለሆነ ግሪን ካርድ ይበቃል" ይለኛል፣ ሌላው "ሲቲዝን ካልሆኑ አይታሰብም" ይለኛል።

አባቴ አሁን ይመዝገብ ወይስ ይቆይ? አማቴስ ምን ላድርግላቸው? የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ።

ሆስፒታል የምሠራ (አሌክሳንድሪያ)፦

ከአባትሽ ልጀምር፣ ቀን የሚቆጠርባቸው እሳቸው ናቸው።

"በ67 አብሮ ይመጣል" የሚለውን ወሬ ዛሬውኑ ከቤት አስወጡት። 67 የሶሻል ሴኩሪቲ ሙሉ ጡረታ ዕድሜ ነው፣ ከ1960 ጀምሮ ለተወለዱ ሰዎች። ሜዲኬር ግን በ1965 ሕጉ ሲወጣም 65 ነበር፣ ዛሬም 65 ነው። ድሮ ሁለቱ በአንድ ዕድሜ ላይ ስለነበሩ ነው ሰው የሚያምታታው። ጡረታውን ቀድሞ መቀበል የጀመረ ሰው ካርዱ በፖስታ ይመጣለታል። አባትሽ ገና ስላልጀመሩ ግን ራሳቸው ካልተመዘገቡ ማንም አይመዘግባቸውም።

መመዝገቢያው 7 ወር ነው። 65 ከሚሞላበት ወር በፊት ያለው 3 ወር፣ ወሩ ራሱ፣ ከዚያ የሚቀጥለው 3 ወር። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በይ። በወሩ የመጀመሪያ ቀን የተወለደ ሰው ሜዲኬሩ አንድ ወር ቀድሞ ነው የሚጀምረው። ብዙው የእኛ ሰው በወረቀት ላይ ጃንዋሪ 1 ተብሎ ስለተጻፈ ይሄ ደንብ በቀጥታ ይነካናል። የአባትሽ ሽፋን የሚጀምረው ዲሴምበር 1፣ 2026 ነው፣ ለመመዝገብ ደግሞ ከሴፕቴምበር መጀመሪያ እስከ ማርች 31 ድረስ አላቸው። በእውነት የተወለዱት ሰኔ ቢሆንም ለውጥ የለውም፣ የሚታየው ሶሻል ሴኩሪቲ ጋ የተመዘገበው ቀን ነው።

ቀጥሎ መሥሪያ ቤታቸውን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ ድርጅቱ ስንት ሠራተኛ አለው? 20 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የሥራው ኢንሹራንስ ቀድሞ ይከፍላል፣ ፓርት ቢን፣ ማለትም የሜዲኬርን የሐኪምና የምርመራ ክፍል፣ ያለ ቅጣት ማዘግየት ይችላሉ፣ ሥራ ሲያቆሙ 8 ወር የመመዝገቢያ ጊዜ ይሰጣቸዋል። ከ20 በታች ከሆነ ግን ከ65 በኋላ ቀድሞ ከፋይ የሚሆነው ሜዲኬር ነው። ያኔ ፓርት ቢ ካልያዙ የሥራው ኢንሹራንስ "ይሄ የሜዲኬር ድርሻ ነበር" ብሎ ቢሉን ሊመልስባቸው ይችላል። ኮብራ የሚባለው ሥራ ከለቀቁ በኋላ የሚገዛው ኢንሹራንስም እንደ ሥራ ኢንሹራንስ አይቆጠርም። እዚህ ላይ የሚወድቀው ሰው ብዙ ነው፣ በየጊዜው አያለሁ።

ቅጣቱ ቀላል እንዳይመስላችሁ። በዘገዩበት በእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት የፓርት ቢ ክፍያ ላይ 10 በመቶ ይጨመራል፣ ፓርት ቢ እስካላቸው ድረስም አይነሳም። ዘንድሮ ፓርት ቢ በወር 202.90 ዶላር ነው። ሁለት ዓመት ዘግይቶ የመጣ ሰው በዚህ ላይ 40 ዶላር ገደማ በየወሩ ዕድሜ ልኩን ይጨምራል ማለት ነው።

ፓርት ኤ ሆስፒታል ተኝቶ መታከም ነው። 10 ዓመት ታክስ ከፍሎ ለሠራ ሰው ወርሃዊ ክፍያ የለውም። ፓርት ቢ ሐኪም ማየት፣ ላብራቶሪ፣ ራጅ፣ ኢመርጀንሲ የመሳሰለው ነው።

ታክስ ሠሪ፦

ከላይ የተባለው ትክክል ነው። አንድ ነገር ልጨምር። ያ 10 ዓመት የሚቆጠረው በ40 ክሬዲት ነው፣ ግን "12 ዓመት ሠርቷል" እና "40 ክሬዲት አለው" የግድ አንድ አይደሉም። ሶሻል ሴኩሪቲ የሚቆጥረው ታክስ የተከፈለበትን ገቢ ብቻ ነው። በ2026 አንድ ክሬዲት ለማግኘት 1,890 ዶላር ማግኘት ያስፈልጋል፣ በዓመት ከ4 በላይ አይሰጥም። ፓርኪንግ በደብሊው ቱ (ቀጣሪ በየዓመቱ በሚሰጠው የደመወዝና የታክስ ወረቀት) ከሆነ አባትሽ ችግር የለባቸውም ብዬ አስባለሁ፣ ግን ሶሻል ሴኩሪቲ ዌብሳይት ላይ አካውንት ከፍተሽላቸው በየዓመቱ የተመዘገበውን ገቢ ተመልከቺ። ባዶ የሆነ ዓመት ካለ የድሮውን ደብሊው ቱ ይዞ ማስተካከል ይቻላል።

ይሄን የምጽፈው በዋናነት ለታክሲና ለኡበር ሾፌሮቻችን ነው። ታክስ ሲሠራ ማይሉ፣ ጋዙ፣ ጥገናው ሁሉ ይቀነስና የተጣራው ገቢ ከ400 ዶላር በታች ሲወርድ "ታክስ አልከፈልኩም" ብሎ የሚደሰት ሰው አለ። በዚያ ዓመት አንድም ክሬዲት አያገኝም። ካሽ የሚከፈላቸው ሞግዚቶችና የምግብ ቤት ሠራተኞችም እንደዚሁ። ሃያ ዓመት መሪ ጨብጦ በ65 ዓመቱ 28 ክሬዲት ብቻ አለህ የተባለ ሰው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ አይቻለሁ። ምን ብዬ እንደማጽናናው ጠፋኝ። ከ30 ክሬዲት በታች ያለው ሰው ፓርት ኤን ለመግዛት ዘንድሮ በወር 565 ዶላር ነው የሚጠየቀው፣ ከ30 እስከ 39 ያለው 311። እባካችሁ 50ዎቹ ውስጥ ያላችሁ ክሬዲታችሁን አሁን ቁጠሩ፣ የጎደለውን መሙላት የሚቻለው ገና እየሠራችሁ ነው።

ለባለትዳሮች አንድ መልካም ነገር አለ። አንዱ 40 ክሬዲት ካለውና 62 ከሞላው፣ ሠርታ የማታውቅ ሚስቱም 65 ሲሞላት በእሱ ክሬዲት ፓርት ኤን ያለ ክፍያ ታገኛለች፣ ቢያንስ አንድ ዓመት በትዳር ከቆዩ። የተገላቢጦሹም ያው ነው።

እማዬን ያስመጣሁ (ሲያትል)፦

የአማትሽን ጉዳይ እኔ ላውራ፣ እናቴ በዚሁ መንገድ ስላለፈች።

ሁለቱም ሰዎች የነገሩሽ ልክ አይደለም። ሲቲዝን መሆን የግድ አይደለም፣ ግሪን ካርድ ብቻውንም አይበቃም። የሥራ ክሬዲት የሌለው የግሪን ካርድ ሰው 65 ከሞላው በኋላ ሜዲኬርን መግዛት የሚችለው 5 ዓመት ሳያቋርጥ ከኖረ ነው። ስለዚህ አማትሽ ገና ሁለት ዓመት ገደማ ይቀራቸዋል። እስካሁን ያለፈው ጊዜ እንደ መዘግየት አይቆጠርባቸውም፣ የእሳቸው 7 ወር የሚከፈተው 5 ዓመቱ በሚሞላበት አካባቢ ነው። ቀኑን ካሁኑ ጻፉት። "ሳያቋርጥ" የሚለውንም አደራ። አገር ቤት ሄደው ከ6 ወር በላይ ከቆዩ ቆጠራው ላይ ጥያቄ ይነሳል። እናቶቻችን ለልቅሶ ሄደው፣ ለሠርግ ቆይተው፣ ፋሲካን ውለው እያሉ ወሩ ሳይታወቅ ነው የሚሄደው።

5 ዓመቱ ሲሞላ ኤ እና ቢ አንድ ላይ ከገዛችሁ ወደ 768 ዶላር ነው በወር። ፓርት ቢን ብቻውን መግዛትም ይቻላል። ገንዘቡን አይታችሁ ግን ተስፋ እንዳትቆርጡ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆኑ ሰዎች ሜዲኬይድ የሚባል የመንግሥት ኢንሹራንስ አለ፣ ደግሞም ኪው ኤም ቢ የሚባል የሜዲኬር ክፍያ መርጃ አለ። ኪው ኤም ቢ ያገኘ ሰው የፓርት ቢን ወርሃዊ ክፍያ፣ የፓርት ኤንም ጭምር፣ ስቴቱ ይከፍልለታል። ዲዳክቲብሉንና ኮፔዩንም፣ ሲታከም ከኪሱ የሚጠየቀውን ድርሻ ማለት ነው፣ እሱ አይከፍልም። እዚህ ላይ የሚያስቸግረው ባለቤትሽ ሲያስመጧቸው የፈረሙት የስፖንሰር ወረቀት ነው። ስቴቱ የስፖንሰሩን ገቢ እንደ እሳቸው ገቢ ሊቆጥረው ይችላል። ሲቲዝን ሲሆኑ ግን ያ ነገር ያበቃል። የሲቲዝንሺፕ ማመልከቻውም ጊዜ ያው 5 ዓመት ስለሆነ ሁለቱን ጎን ለጎን ብታስኬዱ ጥሩ ነው።

እስከዚያስ? የስቴታችሁ ማርኬትፕሌስ፣ ሜሪላንድ ሄልዝ ኮኔክሽን፣ ላይ ኢንሹራንስ መግዛት ይችላሉ። ከ65 በላይ ቢሆኑም፣ ነፃ ፓርት ኤ እስከሌላቸው ድረስ። ታክስ ላይ እሳቸውን ዲፔንደንት (በእናንተ የሚተዳደሩ) አድርጋችሁ ከያዛችኋቸው የሚታየው የእናንተ የቤተሰብ ገቢ ነው፣ ድጎማውም የሚሰላው በዚያ ነው። ውድ ሊሆን ይችላል፣ ግን ዋጋውን ሳታዩ አትተዉት። ለተጓዥ የሚሸጠውን ኢንሹራንስ የነበረ በሽታ አይሸፍንምና ለስኳርና ለግፊት አትመኑበት። ለዘወትር ክትትል እንደ ገቢው የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች አሉ፣ ኮሚኒቲ ሄልዝ ሴንተር ብለሽ ፈልጊ።

የኢመርጀንሲውን ቢል ደግሞ ዝም ብለሽ በክሬዲት ካርድ እንዳትከፍይ! ለትርፍ ያልተቋቋሙ ሆስፒታሎች የክፍያ እርዳታ እንዲኖራቸው ሕግ ያስገድዳቸዋል። ቢሊንግ ክፍሉን "የፋይናንሻል አሲስታንስ ፎርም እፈልጋለሁ" በያቸው። ኢመርጀንሲ ሜዲኬይድም 5 ዓመት ላልሞላቸው ሰዎች አለ፣ ወደ ኋላም ሊሸፍን ስለሚችል ሳይዘገይ ማመልከት ነው።

ፋርማሲ ነኝ፦

ስለ መድኃኒቱ። ፓርት ዲ ነው የሚባለው፣ ኤ ወይም ቢ ያለው ሰው ከግል ኩባንያ የሚገዛው። ዘንድሮ አንድ ሰው በፓርት ዲ ለተሸፈነ መድኃኒት በዓመት ከ2,100 ዶላር በላይ ከኪሱ አይከፍልም። ኢንሱሊን በወር ከ35 ዶላር አይበልጥም። የአልማዝ ባለጭራ ክትባት በነፃ ነው፣ ጠይቁ፣ አብዛኛው ሰው አያውቀውም። ገቢው ዝቅ ያለ ሰው ኤክስትራ ሄልፕ ለሚባለው የመድኃኒት ክፍያ እርዳታ ሶሻል ሴኩሪቲ ጋ ያመልክት፣ ሜዲኬይድ ወይም ኪው ኤም ቢ ያለው ደግሞ ሳያመለክት ያገኘዋል። ፓርት ዲንም ያዘገየ በየወሩ 1 በመቶ እየተደመረ ቅጣት አለው።

ከአዲስ አበባ የሚመጣውን መድኃኒት በተመለከተ እንደ ባለሙያ ልለምንሽ። መድኃኒቱ ጥሩ አይደለም እያልኩ አይደለም። ነገር ግን እዚህ ያለው ሐኪም ስለማያውቀው በላዩ ላይ ሌላ ይጽፍላቸዋል። አንዲት እናት ሁለት የተለያየ ስም ያለው አንድ ዓይነት የግፊት መድኃኒት አብረው ሲውጡ ከርመው ነበር፣ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ ሲዘረግፉት ነው ያየነው። ማዞር አስቸገራቸው ስትይ ወዲያው እሱ ነው የታወሰኝ። ያላቸውን ክኒን ሁሉ በአንድ ፌስታል ይዘሽ አንድ ፋርማሲስት አሳዪ። ለዚህ የሚያስከፍልሽ የለም።

የቀበና ልጅ፦

እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ በእውነት። የፌስታሉን ነገር ሳነብ ደነገጥኩ፣ ነገ ጠዋት ይዤ እሄዳለሁ። አባቴም አጠገቤ ተቀምጦ እያነበብኩለት ነው፣ የድርጅቱን የሠራተኛ ብዛት ሰኞ እጠይቃለሁ ብሏል።

አንድ ልጨምር። አንድ አበሻ የኢንሹራንስ ወኪል ለአባቴ "ኦሪጅናሉን ተወው፣ አድቫንቴጅ ግባ፣ ጥርስም መነጽርም አለው፣ ክፍያውም ዜሮ ነው" ብሎታል። አባቴ ደግሞ ጡረታ ሲወጣ ክረምት ክረምቱን አዲስ አበባ ነው የምከርመው ይላል።

የአዋሬው፦

ወኪሉ ውሸት አልነገራቸውም፣ ግን ሙሉውን አልነገራቸውም። አድቫንቴጅ ሜዲኬርን በግል ኩባንያ በኩል መቀበል ነው፣ ኦሪጅናሉ ደግሞ በቀጥታ ከመንግሥት። ፓርት ቢን መክፈል አይቀርም፣ ዜሮ የሚባለው ከዚያ በላይ የሚጨመረው ነው። ጥርስና መነጽር እውነት ነው ብዙዎቹ ይሰጣሉ፣ ኦሪጅናሉ ግን የዘወትር የጥርስ ሕክምናን፣ መነጽርን፣ የመስሚያ መሣሪያን አይሸፍንም። ልዩነቱ ሲታመሙ ነው የሚመጣው። አድቫንቴጅ የራሱ ሐኪሞች ዝርዝር አለው፣ ለብዙ ነገር አስቀድሞ ፈቃድ ይጠይቃል። ኦሪጅናሉ አገሩን ሙሉ ሜዲኬር የሚቀበል ሐኪም ጋ ያስኬዳል፣ ፈቃድም ብዙ አይጠይቅም። ነገር ግን ፓርት ቢ 80 በመቶውን ብቻ ነው የሚከፍለው፣ 20ው በመቶ ጣሪያ የለውም። ያንን ለመሙላት ነው ሜዲጋፕ የሚባለው ተጨማሪ ኢንሹራንስ የሚገዛው።

ሜዲጋፕን ያለ ጤና ጥያቄ መግዛት የሚቻለው ፓርት ቢ ከጀመረ በ6 ወር ውስጥ ነው። ከዚያ በኋላ በአብዛኛው ስቴት ኩባንያው "ስኳር አለብህ" ብሎ እምቢ ሊል ይችላል። ስለዚህ "አድቫንቴጅ ሞክሬ ካልተመቸኝ እመለሳለሁ" የሚለው ሐሳብ ሁልጊዜ አይሠራም። አባቴ ገና ጤነኛ እያለ ይሄን ማንም ሳይነግረው ስለገባ፣ ዛሬ የልብ ሐኪሙን መቀየር ተገዷል። በጣም ነው የሚያናድደኝ።

ኢትዮጵያን በተመለከተ፣ ሜዲኬር ከአሜሪካ ውጭ አይሸፍንም በሉት። አዲስ አበባ ላይ ቢታመሙ ከኪስ ነው። አንዳንድ የሜዲጋፕ ዓይነቶች፣ ለምሳሌ ፕላን ጂ እና ፕላን ኤን፣ ለውጭ አገር ድንገተኛ ሕክምና 250 ዶላር ከከፈሉ በኋላ 80 በመቶ ይሸፍናሉ፣ ግን ጉዞው በጀመረ በመጀመሪያዎቹ 60 ቀናት ብቻ፣ በዕድሜ ልክ እስከ 50,000 ዶላር። አድቫንቴጅ ያለው ደግሞ ከአካባቢው ከ6 ወር በላይ ከራቀ ከፕላኑ ሊወጣ ይችላል።

ለወኪሉ ምንም ከመፈረማችሁ በፊት ሺፕ የሚባለውን ነፃ አማካሪ አግኙ፣ ኮሚሽን አይቀበሉም። ሜሪላንድ ሺፕ ነው፣ ቨርጂኒያ ቪካፕ ይሉታል፣ ዋሽንግተን ስቴት ሺባ።

እንግዳ፦

ይቅርታ በመሃል ልግባ። እናቴ 66 ናት፣ ጥገኝነት ተሰጥቷታል፣ ግሪን ካርድ ግን ገና አላስገባንም። እሷስ?

ሆስፒታል የምሠራ (አሌክሳንድሪያ)፦

ግሪን ካርዱን ዛሬ ነገ ሳትል አስገባላት። በጁላይ 2025 የወጣው ሕግ ሜዲኬርን በዋናነት ለሲቲዝንና ለግሪን ካርድ ሰዎች ብቻ አድርጎታል። ጥገኝነት ያገኙና ስደተኛ ሆነው የመጡ ሰዎች ግሪን ካርድ ከሌላቸው አዲስ መግባት አይችሉም፣ ቀድሞ የነበራቸውም በ2027 መጀመሪያ ላይ ያጣሉ። ሜዲኬይድ ላይም ተመሳሳይ ለውጥ ከኦክቶበር 2026 ጀምሮ ይመጣል። ጥገኝነት ከተሰጣት አንድ ዓመት ከሞላ ማመልከት ትችላለች። ጠበቃ ያዙ።

የአስታማሚ ልጅ፦

አንድ ማንም የማይናገረው ነገር አለ፣ ለሁላችሁም። እናቴ ወድቃ ሆስፒታል አልጋ ላይ ሦስት ሌሊት አደረች፣ ልብስ ቀይራ፣ ምግብ ቀርቦላት፣ እኛ ተኝታ ነው ብለናል። ወደ ማገገሚያ ስትላክ ሜዲኬር አልከፍልም አለ። ለካ ወረቀቱ ላይ "ኦብዘርቬሽን"፣ ለክትትል ብቻ፣ ተብላ ነበር እንጂ በይፋ አልተኛችም። ኦሪጅናሉ ሜዲኬር ማገገሚያ የሚከፍለው በይፋ ገብቶ ቢያንስ 3 ቀን ለተኛ ሰው ነው። ያኔ የመጀመሪያው 20 ቀን ነፃ ነው፣ እስከ 100ኛው ቀን ድረስ በቀን የሚከፈል አለ፣ ከዚያ በኋላ የለም። ስለዚህ ወላጆቻችሁ ሆስፒታል ሲገቡ በየቀኑ "ኢንፔሸንት (በይፋ የተኙ) ናቸው ወይስ ኦብዘርቬሽን?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ኦብዘርቬሽን ከተባሉ ለምን እንደሆነ ሐኪሙን ያዙት።

ለረጅም ጊዜ አረጋዊ መንከባከቢያ መግባትን፣ ወይም ቤት እየመጣ የሚያጥብና የሚያበላ ሰው ብቻ ከሆነ የሚያስፈልገው፣ ሜዲኬር አይከፍልም። ለዚያ ሜዲኬይድ ነው ያለው።

የሜዲኬር ቁጥራቸውንም ጠብቁ። ደውሎ "ነፃ የጉልበት ማሰሪያ እንላክልዎ" የሚል ሰው ቁጥሩን ከወሰደ በስማቸው ያልተሠራ ነገር እያስከፈለ ይቀመጣል። ሜዲኬር ሳትጠይቁት ደውሎ ቁጥር አይጠይቅም።

የቀበና ልጅ፦

የመጨረሻ ጥያቄ። አባቴ ራሱ ደውሎ መጠየቅ ይፈልጋል፣ እንግሊዝኛው ግን ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር አይበቃውም። እኔ የግድ መኖር አለብኝ?

እማዬን ያስመጣሁ (ሲያትል)፦

የግድ አይደለም። ሜዲኬር 1-800-633-4227 ነው፣ ሶሻል ሴኩሪቲ 1-800-772-1213። ሁለቱም አስተርጓሚ በነፃ ያቀርባሉ። መጀመሪያ መልስ የሚሰጠው ማሽን ነው፣ ሰው እስኪመጣ ጠብቀው "አምሃሪክ ኢንተርፕሪተር ፕሊስ" ይበሉ። ትንሽ ያስጠብቃል፣ ስልኩን አይዝጉ። የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥራቸውንና ግሪን ካርዳቸውን ወይም የሲቲዝንሺፕ ወረቀታቸውን ፊታቸው ያስቀምጡ፣ ያነጋገራቸውን ሰው ስምና ቀኑን ይጻፉ። መመዝገቡን ኦንላይን አንቺ ብታግዣቸው ይፈጥናል። ሴፕቴምበር 1ን ካላንደርሽ ላይ አድርጊው።